ርካሽ የግንባር ባትሪ በምን ይመዘን?

ወደ ራስ ዳሽን የሚወጡ ተጓዦች ከአምቢቆ የሚነሡት አብዛኛውን ጊዜ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ገደማ ነው። ርካሹ የግንባር ባትሪ የሚፈተነውም በዚያ ጨለማና ብርድ እንጂ ሱቅ ውስጥ አይደለም።

ሻጩ የሚያሳየው ድምቀቱን ነው። አንዳንዱ ባትሪ ድንጋይ ላይ ደግሞ «9900 ሚሊአምፒር ሰዓት» ተብሎ ይጻፋል። ውሸት ነው፤ 18650 የሚባለው ድንጋይ ምርጡ እንኳ ከ4000 እምብዛም አያልፍም፤ ብርድ ሲመታው ከዚያም ይቀንሳል።

ገዢው ቤቱ ቻርጅ አድርጎ በመካከለኛ ብርሃን ያብራውና ስንት ሰዓት እንደሚቆይ ይቁጠር። እስኪነጋ 3 ሰዓት ይበቃል፤ 5 ሰዓት ከበራ ለብርዱም መጠባበቂያ አለው፣ ርካሽነቱ ነውር የለውም። መንገድ ላይ ከጠፋ ግን አስጎብኚው የራሱን አውልቆ ይሰጣል፤ የተቆጠበውን ብር የሚከፍለው ገደል ዳር በጨለማ የሚሄደው እሱ ይሆናል።