ጥሩው አምፖል የት ይሰቀል?



ርእሰ መምህር በዓመት መጽሔት ላይ ሲጽፍ ስለ ውጤትና ስለ ሥነ ሥርዓት እንዲያወራ ይጠበቃል። እኔ ዘንድሮ ስለ ቤት መብራት ልጽፍ ነው። ጁባ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነች ዓመቱን ሙሉ ፀሐይ የምትጠልቀው ከምሽቱ 12 ሰዓት ገደማ ነው። አገሪቱ እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2021 ሰዓቷን በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ከመለሰች ወዲህ ደግሞ በሰዓት ሲታይ ቀደም ብሎ ይመሻል። ልጁ ከትምህርት ቤት ተመልሶ፣ መክሰሱን በልቶ፣ ትንሽ ተጫውቶ ደብተሩን ሲከፍት ጨልሟል።

እኔ ያጠናሁት በኩራዝ ነው። ጠዋት አፍንጫችንን ስናጸዳ ጥቀርሻ ይወጣን ነበር። ቢሆንም እናቴ ወጡን በምድጃው ብርሃን ታማስል ነበር እንጂ ኩራዙን ከደብተራችን ፊት አታነሳውም። በቤታችን የነበረው ብርሃን ትንሽ ነው፤ ለማን እንደሚቀድም ግን ይታወቅ ነበር።

ዛሬ እዚህ የከተማው መስመር የገባለት አለ፤ በጄኔሬተር ወይም በሶላር የሚጠቀምም አለ። የተማሪዎችን ቤት ስጎበኝ ግን ብዙ ጊዜ የማየው፣ ጥሩው አምፖል ሳሎን ከቴሌቪዥኑ በላይ ተሰቅሎ፣ ልጁ አልጋ ጫፍ ላይ ጎንበስ ብሎ ሲጽፍ ነው። አንድ ቤት ተማሪዋ ለአምፖሉ ጀርባዋን ሰጥታ ተቀምጣ፣ የራሷ ጥላ ደብተሩን ሸፍኖት ነበር። እናትየው «ስታጠና ቶሎ ይደክማታል» አሉኝ። ጠረጴዛውን ብቻ አዞርነው፤ አምፖሉ በግራዋ በኩል ሆነ። ቀኝ እጅ ለሚጽፍ ብርሃን ከግራ፣ ግራ እጅ ለሚጽፍ ከቀኝ ሲመጣ የእጁ ጥላ በጽሑፉ ላይ አያርፍም። ለዚህ አንድ ሳንቲም አላወጣንም።

አምፖል ስትገዙ ካርቶኑን አንብቡት። 9 ዋት የሆነ የኤልኢዲ አምፖል የድሮውን 60 ዋት አምፖል ያህል ያበራል። የድሮው ከሚወስደው ኃይል አብዛኛው ሙቀት ሆኖ ይባክናል፤ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ደግሞ ተጨማሪ ሙቀት ማንም አይፈልግም። ኬልቪን የሚባለው ቁጥር የብርሃኑን ቀለም ይናገራል። 3000 ገደማ ቢጫ፣ 6500 ገደማ ነጭ ነው።

ነጩ ብርሃን ለማድ ቤት ይስማማል። አምፖሉ ከጀርባችሁ ሳይሆን ሽንኩርት ከምትከትፉበት ቦታ በላይ ይሁን፤ አለዚያ ቢላዋው ጥላችሁ ውስጥ ይገባል። ቡና ለሚፈላበትና እንግዳ ለሚቀመጥበት ሳሎን ቢጫው ዓይን አይወጋም። መኝታ ቤት ደግሞ ደብዘዝ ያለ ቢጫ ይበቃል፤ በመኝታ ሰዓት ጠንካራ ነጭ ብርሃን ልክ እንደ ስልክ እንቅልፍን ያዘገያል። በረንዳውንና ወደ ሽንት ቤት የሚወስደውን መንገድ አትርሱ። እዚያም ቢጫው ይሻላል፤ ከነጩ ያነሰ ነፍሳት ይስባል።

«እኛ ያለን አንድ ክፍል ነው» የምትሉ ብዙ ናችሁ። እንግዲያው ክፍሉን ሳይሆን ጥጉን አስቡ። ተማሪዎች በፊዚክስ እንደምትማሩት፣ ከትንሽ መብራት ያለው ርቀት በግማሽ ሲቀንስ ወረቀቱ ላይ የሚያርፈው ብርሃን አራት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ደብተሩ አጠገብ የተቀመጠች ትንሽ የሶላር ፋኖስ፣ ጣሪያ ላይ ካለ ትልቅ አምፖል ልትበልጥ ትችላለች። ፋኖሷን ቀን ከማንጎው ጥላ አውጥታችሁ ፀሐይ ላይ አኑሯት፤ የሰሌዳዋን አቧራም ጥረጉ። በዝናቡ ወራት ደመና ሲበዛ ሙሉ አትሞላምና ብርሃኗን ለጥናት ቆጥቡላት። መብራት ሲጠፋ ሻማ የምታበሩ ደግሞ አደራ፣ ከአጎበርና ከመጋረጃ አርቁት፤ ልጅ ሻማ አጠገብ እያነበበ እንዲተኛም አትተዉት።

ለወላጆች አንድ የቤት ሥራ ልስጥ። ዛሬ ማታ ልጃችሁ በሚያጠናበት ቦታ እናንተ ተቀመጡ፤ ደብተሩን ክፈቱና ሁለት መስመር ጻፉ። ጥላው የት እንደሚያርፍ ታያላችሁ። ቤታችሁ ውስጥ ያለው ጥሩ አምፖል አንድ ብቻ ከሆነ፣ ከጥናት ሰዓት በፊት ከሳሎን ወደዚያ ጥግ አዛውሩት። እንግዳ ቢመጣ እንኳ ምክንያቱን ሲሰማ ይመርቃችኋል እንጂ አይቀየማችሁም።

መልካም የዕረፍት ጊዜ ይሁንላችሁ።