ሂሮና ወንድሞቹ

ፓርከር የሚሰበስብ ሰው ዋጋውን የሚነግረው ነጋዴ አያጣም። የእኛ ኪስ ግን የተማሪ ኪስ ነው። ስለዚህ ፓርከሩን ለባለጸጋ ትተን ሂሮን፣ ዊንግ ሰንግንና ኪን ሲንን ተያያዝነው። ሁሉም የቻይና ልጆች ናቸው። ስማቸው ሲመነዘር ጀግና፣ ዘላለማዊ ሕይወት፣ ወርቃማ ኮከብ ማለት ነው። እንዲህ ያለ ስም ይዘው፣ ወልቂጤ ውስጥ ከአንድ ሰዓት ጠጋኝ መሳቢያ፣ ከዛገ ምስማርና ከተበጠሰ የሰዓት ማሰሪያ መካከል ነው ያገኘናቸው!

እንዴት እዚያ ደረሱ? ሽማግሌዎች እንዳጫወቱን ከሆነ፣ ለመስቀል አገሩ የሚገባ የመርካቶ ነጋዴ ለተማሪ ልጅ ብዕር ይዞ ይመጣ ነበር። መምህሩም፣ ጸሐፊውም፣ በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ያስተማረውም ደረት ኪሱ ላይ ይሰካት ነበር። ኋላ እስክሪፕቶ ሁሉንም ወደ መሳቢያ አስገባ።

ሂሮ 616ን አይቶ ኮረጀ የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1941 ለገበያ የቀረበውን ፓርከር 51ን ይመስላል። ጫፉ እንደ ጋቢ ለባሽ ተሸፍኖ ትንሽ ብቻ ብቅ ይላል፤ ቀለሙ አየር እንዳያገኘውና ቶሎ እንዳይደርቅ ነው። ታዲያ ምን ይሁን? ኮርጆም ቢሆን ይጽፋል። እንዲያውም የእኛ ቅሬታ ሌላ ነው። የመቃ ብዕር ጫፉ ሰፋ ተደርጎ ስለሚቆረጥ ፊደሉን አንዴ ያወፍረዋል፣ አንዴ ያቀጥነዋል። የሂሮ ጫፍ ላይ ያለችው ድቡልቡል ጠብታ ግን «ሀ»ንም «ጨ»ንም እንደ ሽቦ እኩል ታደርጋቸዋለች።

የደረቀ ብዕር ማዳን ትዕግሥት ነው። ለብ ያለ ውኃ ውስጥ ማሳደር፤ የፈላ ከሆነ ፕላስቲኩን ያጣምመዋል። ጧት ሲያዩት ውኃው ሰማያዊ ሆኗል፤ ያ የማናውቀው ሰው ሳይጽፈው የቀረው ነገር ነው። ከዚያ ውኃው ጠርቶ እስኪወጣ ድረስ መጭመቅና መልቀቅ። ከረጢቱ ጎማ ከሆነና እንደ ቆሎ ከደረቀ ሌላ ካልተገኘለት በቀር አይድንም። ቀለም ወልቂጤ ውስጥ ፈልገን አጥተን ከመርካቶ አስመጣን። የማኅተም ቀለም እንሙላበት ያለን ወዳጅ ነበር፤ ቅባት አለው፣ ይደፍነዋል። የደብተራ ቀለምም ጥላሸትና ሙጫ ስላለው ለመቃ እንጂ ለዚህ አይሆንም።

ቡታጅራ የሄድነው ስም የተቀረጸበት ዊንግ ሰንግ አለ ተብለን ነው። ባለቤቱ የእድር ጸሐፊ ናቸው። ብዕሩን ሳይሆን መዝገቡን አስቀድመው አወጡ። ገጹ ሁሉ በአንድ እጅ፣ በአንድ ሰማያዊ ቀለም ተጽፎ ይመጣና መጨረሻው አካባቢ እስክሪፕቶ ይሆናል። እዚያ ላይ አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት የስድስት ወር መዋጮ ከፍላለች ይላል። «ይኸ ያንተ ጽሑፍ አይደለም ብለው ተነሡብኝ» አሉን። «በዚህ በሚንሸራተት ነገር ስጽፍ እጄ ሌላ ሰው ይሆናል። ገንዘቧን ይዘውባታል።»

ውጪ ወጥተን ተማከርን። ከመካከላችን አንዱ ሦስት ሂሮ ሰጥተን እንለውጣቸው አለ፤ እንዲህ ያለ ዊንግ ሰንግ አልነበረንማ! ሌላው «መጀመሪያ እንጠበው» ብሎ ውኃ አሞቀ። ከረጢቱ ደህና ነበር። ቀለም ሞልተን ሰጠናቸው።

ጋሼ መነጽራቸውን ጠርገው በቁራጭ ወረቀት ላይ የሴትዮዋን ስም ከነአባቷ ጻፉ። ወረቀቱን ከአሮጌው ገጽ ጎን አስጠጉት። «ም» እግሯን የምትዘረጋው ያው ነው፤ «ለ»ም ያው ነች። ስለ ሽያጭ ማንም ቃል አልተነፈሰም።

«እሑድ ስብሰባ አለ» አሉ፤ ብዕሩን ኪሳቸው ላይ ሰክተው። «ቢነክስብኝስ?»

የቀረችንን ግማሽ ጠርሙስ ቀለም ትተንላቸው፣ ሚኒባሱ ሳይሞላ ለመድረስ ወደ መናኸሪያው ሮጥን።