ከሙዚየም ወደ እናቴ ቤት

አንድ ሰው ደመወዝ የሚቀበልበትን ሥራ በገዛ ፈቃዱ ትቶ የወጣ እንደ ሆነ፥ ወዳጅ ዘመዱ አንድም ታሟል፥ አንድም ተጣልቷል ይለዋል እንጂ፥ አስቦበት ነው የሚለው ጥቂት ነው። እኔም የዘመኑን ሥዕል ከሚያሳይ ከአንድ ሙዚየም፥ ዘጠኝ ዓመት የትርኢት አዘጋጅ ሆኜ ከሠራሁበት ቤት፥ ለመውጣት ወረቀቴን ባስገባሁ ጊዜ እናቴ ከሁሉ አስቀድማ «ማን አስቀየመሽ?» ብላ ጠየቀችኝ። ያስቀየመኝ ሰው እንደሌለ ብነግራት አላመነችኝም። «እንግዲያውስ የተዘጋጀ እንጀራ ትተሽ ወዴት ትሄጃለሽ?» አለች። የቤት ኪራይና የልጄ የትምህርት ቤት ክፍያ ያለብኝ ሴት ስለ ሆንሁ፥ ይህ ጥያቄ ሌሊቱን ከእኔው ጋራ አደረ።

የትርኢት አዘጋጅ ማለት ምን እንደ ሆነ የሚጠይቁ አንባቢዎች ይኖሩ ይሆናል። ሥዕሉን የሚሥለው ሌላ ነው፤ አዘጋጁ ግን የትኛው ሥራ ከየትኛው አጠገብ ቢቀመጥ ነገሩ ለተመልካች እንዲገባ የሚመርጥ፥ ግድግዳውንና ብርሃኑን የሚያሰናዳ ሰው ነው። እናቴ ይህን ስነግራት «ሥዕል ሰቃይ ነኝ በያ!» ብላኛለች፤ ብዙም አልተሳሳተችም።

በዚያ ሰሞን አሳቤን የያዘው የአንድ የስዊስ አገር ሰው ታሪክ ነበር። ሃራልድ ዜማን የተባለው ይህ ሰው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ1961 ዓ.ም. ጀምሮ በበርን ከተማ የሚገኘውን ኩንስትሃለ የሚባለውን የትርኢት ቤት ይመራ ነበር። በ1969 ዓ.ም. በመጋቢት ወር፥ በሸራ ላይ የተሣለ ሥዕል ብቻ ማየት የለመደውን ሕዝብ ያስደነገጠ ትርኢት ከፈተ። ሪቻርድ ሴራ የቀለጠ እርሳስ በግድግዳ ሥር ረጨ፤ ዮሴፍ ቦይስ በክፍሉ ማዕዘን ስብ ለጠፈ፤ ማይክል ሃይዘርም በቤቱ ፊት ያለውን የእግረኛ መንገድ በትልቅ የብረት ኳስ አስመትቶ ሰበረው። የተቈጡ ሰዎች በደጁ ፍግ ደፉበት። የቤቱ ጉባኤ ቀጥሎ ያሰበውን የቦይስን ትርኢት እንቢ ስላለው፥ ዜማን በዚያው ዓመት ሹመቱን ትቶ ወጣ።

ከወጣም በኋላ ሌላ ሙዚየም ደጅ አልጠናም። ብቻውን አንድ መሥሪያ ቤት አቋቁሞ ራሱን የመንፈስ እንግዳ ሠራተኛ አለ፤ እንግዳ ሠራተኛ የሚባሉት በዚያን ጊዜ ከኢጣልያና ከሌላም አገር ለጉልበት ሥራ ወደ ስዊስ የሚመጡት ሰዎች ነበሩ። በ1972 ዓ.ም. በጀርመን አገር በካሰል ከተማ የተደረገውን፥ ዶኩሜንታ የሚባለውን ታላቅ ትርኢት መራ። ይህ ሁሉ ያስመሰግነዋል፤ እኔን የነካኝ ግን ከዚህ በኋላ ያደረገው ነው። አያቱ ኤትየን ጠጕር ሠሪ ነበሩ፤ በ1971 ዓ.ም. ሲሞቱም መሣሪያቸው ቀረ። ዜማን በ1974 ዓ.ም. በበርን በሚገኝ መኖሪያ ቤት ውስጥ የአያቱን የሙያ ዕቃ፥ በኤሌክትሪክ ጠጕር የሚጠቀልለውን መኪና ሳይቀር፥ ከቤት ዕቃቸውና ከወረቀታቸው ጋራ አሰናድቶ ሰው አስገብቶ አሳየ።

አባቴ ልብስ ሰፊ ነበር። ካረፈ ስድስት ዓመት ሆኖታል፤ የስፌት መኪናው፥ መቀሶቹ፥ የከሰል ካውያውና የደንበኞቹ ልክ የተጻፈባቸው ደብተሮች በእናቴ ጓዳ ተከድነው ተቀምጠዋል። እኔም ሙዚየሙን የተውሁት በየቤቱ የተከደነውን የአሮጌ ሙያ ዕቃ በዚያው በቤቱ ለማሳየት ነው፤ ለእንጀራዬም በውል ለትምህርት ቤቶች ትርኢት አሰናዳለሁ። የመጀመሪያው የእናቴ ቤት እንዲሆን ብለምናት ግን ተቈጣች። «የእኛን ጓዳ ባዳ ሊያየው? መኪናውንስ ሸጬ ለልጅሽ ክፍያ አደርገዋለሁ ብዬ ነበር» አለችኝ። ከዚህ ወዲያ የምናገረው ጠፋኝ፤ ሐሳቧ ለእኔው ነበርና።

ከሁለት ሳምንት በኋላ በማታ ብሄድ መኪናው ተወልውሎ ከጓዳ ወጥቷል። እናቴም ደንበኛው ሳይወስደው የቀረውን ጥቍር ኮት በጕልበቷ ላይ ዘርግታ ተቀምጣለች። የግራው እጅጌ በነጭ ክር ለጊዜው ተያይዞ የቀረ ነው። «እንደዚህ ይሰቀል ወይስ ልጨርሰው?» አለችኝ። የዘጠኝ ዓመት ሙያዬ እጁ ያቆመበትን አትንኪው ይለኛል።

«እንዲሁ ቢቀር ደግ ነው» አልኋት።

«ሰው መጥቶ ባልሽ ሥራ የማይጨርስ ነበር ይበለኝ?» አለችና መርፌዋን አነሣች። ክሩ አልገባ ቢላት ጊዜ መብራቱን አስጠጋሁላት።