የምጣዱ ሽቦና የፋብሪካው ምድጃ

ዓባይ ከጣና ሐይቅ ወጥቶ፣ ጎጃምን ዞሮ፣ ረጅሙን ሸለቆ ከተጓዘ በኋላ ሱዳን ሲገባ የሮሴሪስ ግድብ ይጠብቀዋል። ግድቡ የተጠናቀቀው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1966 ሲሆን፣ ጥቂት ዓመታት ቆይቶ በዚያ የመነጨው የኤሌትሪክ ኃይል ወደ ካርቱም ይላክ ጀመር። ግድቡን ያለፈው ውኃ ደግሞ መንገዱን ቀጥሎ በከተማዪቱ ምሥራቃዊ ክፍል አል-ማንሺያ የተባለውን ሰፈር ታክኮ፣ በሰፈሩ ስም በሚጠራው ድልድይ ሥር ያልፋል። እንግዲህ ወንዙ በደጅ ሲፈስ፣ ጉልበቱ በሽቦ ውስጥ ሆኖ ወደ ቤት ይገባ ነበር ማለት ነው።

በሚያዝያ ወር 2015 ዓ.ም. የተነሣው ጦርነት ብዙዎቹን እስኪበትናቸው ድረስ በካርቱም እጅግ ብዙ ኢትዮጵያውያን ይኖሩ ነበር። ከእነዚህም መካከል በሰው ቤት ተቀጥረው የሚሠሩት ሴቶች ቁጥር ቀላል አልነበረም። የካርቱም እመቤት ከማሽላ ሊጥ ኪስራ ትጋግራለች፤ ኢትዮጵያዊቷ እንጀራ ትጋግራለች። ሁለቱም ሊጣቸው የቦካ፣ ገጻቸው የሳሳ ዘመዳሞች ናቸው። ምጣዳቸው ግን ይለያያል። ኪስራ በአብዛኛው የሚጋገረው በብረት ሰሌዳ ላይ ሲሆን፣ ብረት ቶሎ ይግላል፣ ቶሎም ይቀዘቅዛል። ሸክላ ግን ቶሎ አይግልም፤ ከጋለ በኋላ ሙቀቱን በስስት ይዞ ለአንዱ እንጀራ ከሌላው ሳያበላልጥ ያድላል። በኤሌትሪክ ምጣድ ከዚህ ሸክላ ሥር፣ በጠመዝማዛ ቦይ ውስጥ፣ እንደ ምንጭር የተጠቀለለ ሽቦ ይተኛል። ሰው ሁሉ ሬዚስታንስ ይለዋል።

ይህ ሽቦ ሊግል እንጂ ሊቃጠል አይገባም። ነገሩ ቀላል ይመስላል። ዳሩ ግን በፋብሪካ ውስጥ ብረት የሚያጠነክር ወይም የሸክላ ዕቃ የሚያበስል የኤሌትሪክ ምድጃ የሚያቅድ መሐንዲስም የሚጨነቀው በዚሁ በእንጀራ ጋጋሪዋ ጥያቄ ነው።

እንግሊዛዊው ጀምስ ጁል እ.ኤ.አ. በ1841 እንዳሳየው፣ በሽቦ ውስጥ የሚፈጠረው ሙቀት ሽቦው የኤሌትሪክን ፍሰት በሚከላከልበት መጠን፣ ማለትም በሬዚስታንሱ ልክ፣ ይጨምራል። መዳብ ኤሌትሪክን በቸርነት ስለሚያሳልፍ ለማስተላለፊያ እንጂ ለማሞቂያ አይመችም። ብረት ከመዳብ ይሻላል፤ ሆኖም ፍም መስሎ ሲግል አየሩ ይበላዋል። በጥንቶቹ የቤተ ሙከራ ምድጃዎች ፕላቲነም ይሠራበት ነበር፤ ዋጋው ግን የወርቅ ዘመድ ነው። መፍትሔው የመጣው እ.ኤ.አ. በ1906 አልበርት ማርሽ የተባለ አሜሪካዊ ለኒኬልና ለክሮሚየም ቅይጥ የፈጠራ መብት ባገኘ ጊዜ ነው። ዛሬ ኒክሮም የሚባለው ይኸው ቅይጥ በታወቀው ዓይነቱ 80 እጅ ኒኬል፣ 20 እጅ ክሮሚየም ሲሆን፣ ርዝመቱና ውፍረቱ ከመዳብ ሽቦ ጋር እኩል ቢሆን ሬዚስታንሱ ከመዳቡ 60 ጊዜ ያህል ይበልጣል።

የኒክሮም ምሥጢር አለመዛጉ አይደለም፤ መዛጉ ነው። ብረት ሲግል የሚያወጣው ዝገት እንደ ደረቅ ቅርፊት እየተሰነጠቀ ይረግፋል፤ ከሥሩ የቀረውም ብረት እንደገና ለአየር ይጋለጣል፤ እንዲህ እየተላጠ ያልቃል። ክሮሚየም ግን ከኦክስጂን ጋር ሲዋሐድ ስስና ጥቅጥቅ ያለ ቆዳ ይሠራል። ይህም ቆዳ ከሽቦው ጋር ተጣብቆ ሌላ ኦክስጂን ወደ ውስጥ እንዳይዘልቅ ይከላከላል። ቢሰነጠቅ እንኳ ከሥሩ ያለው ክሮሚየም ወደ ላይ እየወጣ ቁስሉን ይሸፍነዋል። ስለዚህ የሽቦው ዕድሜ የሚወሰነው ቁስሉን ለመጠገን በቀረው የክሮሚየም ስንቅ ነው። መብራት ሄደ መጣ ማለቱ ምጣድንም ሆነ ምድጃን የሚጎዳው ከዚህ የተነሣ ነው። ሽቦው ሲግል ይረዝማል፣ ሲቀዘቅዝ ያጥራል፤ ቆዳው ግን በዚያው ልክ ስለማይሳብ ይሰነጠቃል። ቀኑን ሙሉ ሳይቋረጥ የጋለ ሽቦ በቀን አሥር ጊዜ ከሚጠፋና ከሚበራ ሽቦ ይልቅ ዕድሜ ሊኖረው ይችላል።

በአል-ማንሺያም ይሁን በአዲስ አበባ፣ እንጀራ እየሸጠች ልጆቿን የምታሳድግ ሴት ይህን ሁሉ የምታውቀው ሽቦው ሲበጠስ ነው። የበዓል ዋዜማ ነው እንበል፤ ሊጡ ኩፍ ብሏል፤ ደንበኞቿ ይጠብቃሉ፤ ምጣዱ ግን ድንገት ይቀዘቅዛል። ጠጋኙ መጥቶ ምጣዱን ይገለብጠዋል፣ የተበጠሰውንም ቦታ ያገኘዋል። ከዚያም የተቃጠለውን ጫፍ ቆርጦ፣ የቀረውን ጎትቶ በቋጠሮ ያገናኘዋል። ምጣዱ እንደገና ይግላል፤ እንዲያውም ከቀድሞው ይብሳል። መጥፎነቱም እዚህ ላይ ነው። በ220 ቮልት የሚሠራ የ3,500 ዋት ምጣድ 16 አምፔር ያህል ይስባል። ከሽቦው አንድ አሥረኛው ቢቆረጥ ሬዚስታንሱ ስለሚቀንስ የሚስበው ኃይል ወደ 3,900 ዋት ይጠጋል። ይህም የበለጠ ሙቀት ባጠረ ሽቦ ላይ ስለሚወድቅ፣ እያንዳንዱ ስንዝር ከቀድሞው ከ20 በመቶ በላይ ይሸከማል። ቋጠሮውም ላላ ያለ እንደሆነ ከሌላው ቦታ ሁሉ አብልጦ ይግላል። ሌሊቱን የሚያድን ጥገና ሳምንቱን ላያድን ይችላል።

ጠጋኙ አዲስ ሽቦ ሲገዛ ሌላ ምርጫ ይገጥመዋል። እ.ኤ.አ. በ1931 በስዊድን አገር ሃልስታሃማር በተባለች ከተማ የተቋቋመው ካንታል፣ ከብረት፣ ከክሮሚየምና ከአሉሚኒየም የተቀየጠ ሽቦ ለገበያ አቀረበ። ስሙም ከፈልሳፊው ከሃንስ ፎን ካንትሶቭና ከከተማዪቱ ስም ተቀንጭቦ የተገጠመ ነው። የዚህ ሽቦ ቆዳ ከአሉሚኒየምና ከኦክስጂን የተሠራ ነው፤ ቀዩ የሩቢ ዕንቁም ከሞላ ጎደል የተገኘው ከዚሁ ነገር ነው። ኒክሮም 1,200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ሲችል፣ የካንታል ምርጥ ዓይነት እስከ 1,400 ይዘልቃል። ኒኬል ስለሌለበትም ዋጋው ይረክሳል። ነገር ግን አንድ ጊዜ በከፍተኛ ሙቀት ከሠራ በኋላ እንደ ደረቅ ጭራሮ ይሰበራል፤ በቀዝቃዛው ለማጠፍ የሚሞክር ጠጋኝ ቁርጥራጩን ይዞ ይቀራል። ኒክሮም ግን ካረጀ በኋላም እጅ ይታዘዛል። ሁለቱን በዓይን መለየት ያስቸግራል፤ ማግኔት ግን ይለያቸዋል። ካንታልን ይስበዋል፤ 80 እጅ ኒኬል ያለበትን ኒክሮም አይስበውም። ማግኔት በኪሱ የማይዝ ጠጋኝ በነጋዴው ቃል መታመን ግድ ይሆንበታል።

በፋብሪካ ደግሞ ሚዛኑ ሌላ ነው። ብረት ለማጠንከር ከ800 ዲግሪ ጥቂት ከፍ ማለት ስለሚበቃ ሁለቱም ሽቦዎች ያገለግላሉ። ድኝ የቀላቀለ ጭስ ካለ ግን ኒኬል በቶሎ ይበላል። ከ1,400 በላይ ሲሆን ብረታ ብረቱ ቦታውን ለሲሊከን ካርባይድ በትር ይለቃል። ይህ በትር 1,600 ያህል ይችላል፤ ሆኖም እያረጀ ሲሄድ ሬዚስታንሱ ያድጋል፤ አንዱ ተሰብሮ በአዲስ ቢተካ አዲሱና አሮጌዎቹ ጭነቱን እኩል አይካፈሉም። ሞሊብዲነምና ሲሊከን የተዋሐዱበት ደግሞ እስከ 1,800 ዲግሪ ይደርሳል። የሚገርመው ግን በከፍተኛው እሳት ሳይነካ፣ 500 ዲግሪ አካባቢ ብዙ ጊዜ ቢቆይ ወደ ዱቄትነት ሊለወጥ መቻሉ ነው። ተንግስተን የሚቀልጠው ከ3,400 ዲግሪ በላይ ነው፤ ይሁን እንጂ ገና ፍም መስሎ እንደ ጋለ ተራ አየር ቢያገኘው ይቃጠላል፤ ስለዚህ አየር በተመጠጠበት ምድጃ ብቻ ወይም እሱን በማይነካ ጋዝ መካከል ይሠራል። ትልቁን ቁጥር ብቻ አይቶ ተንግስተን የመረጠ ሰው፣ በተራ አየር ከሚሠራው ምጣድ በታች ሊያስተኛው አይችልም።

ምጣዱ እንደ ተገለበጠ ነው። ጠጋኙ ቋጠሮውን በጣቱ ነክቶ፣ «እትዬ፣ ለዛሬ ነው ወይስ ለዓመት?» ይላታል።

«ለዛሬ ይሁንልኝ፣ ልጄ» ትለዋለች። «የዓመቱን ከበዓል በኋላ ትሠራልኛለህ።»

እሱም ለአዲሱ ሽቦ የምጣዱን ዋትና የቦዩን ርዝመት በቁራጭ ወረቀት ላይ ጽፎ ኪሱ ይከተዋል።