ድመቷ አልታመመችም

ሰሞኑን ዋጃ፣ እኛ ቤት እንቅልፍ የለም። ድመታችን ሦስት ሌሊት ሙሉ ስትጮህ አደረች። ጩኸቱ ደግሞ የሕፃን ልቅሶ ነው የሚመስለው። መሬት ላይ ትንከባለላለች፣ እግራችን ላይ ትታሻለች፣ ጀርባዋን ስነካት ጭራዋን ወደ ጎን ታዞራለች። እኔ መርዝ የበላ አይጥ በልታ መስሎኝ ደነገጥኩ። እናቴ ሳቀችብኝ። «ምን ታማ! ወንድ ፈልጋ ነው እንጂ» አለችኝ።

በአራተኛው ቀን ሳቁ አለቀ። ወንዶቹ ድመቶች አጥራችን ላይ ሲናከሱ ያድራሉ፣ ጎረቤት ተማረረ። እናቴ ጆንያ አምጥታ «ራቅ አድርገህ ጣላት» አለች።

ጆንያውን አውቀዋለሁ። ልጅ ሆኜ ዓይናቸው ያልተገለጠ የድመት ልጆች በጆንያ ይዤ ሄጄ ወንዝ ዳር የጣልኩት እኔ ነኝ። ድምፃቸው እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ።

«እማ፣ ላማችን ኮርማ ስትፈልግ ደስ ይልሻል። እሷ ስትፈልግ ጆንያ?» አልኳት።

«ላሟ ወተት ትሰጣለች» አለች።

«ማሽላችንን ከአይጥ የጠበቀችው ማናት ታዲያ?»

ዝም አለች። ጆንያውን ግን አላስቀመጠችም።

ከዚያ ወዲህ የማውቅ ሰው ጠየቅኩ፣ አነበብኩም። ነገሩ ባለሙያዎች ድራት የሚሉት ነው። አብዛኛውን ጊዜ ሳምንት ያህል ይቆያል። ካላረገዘች ከ2 እስከ 3 ሳምንት ባለው ጊዜ ተመልሶ ይመጣል። እንደኛ የቀኑ ርዝመት ብዙም በማይለዋወጥበት አገር ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ሊመላለስ ይችላል። ካረገዘች በ2 ወር ገደማ ትወልዳለች፤ ገና እያጠባች እንደገና ልታረግዝ ትችላለች። የ5 ወር ድመት እንኳን ማርገዝ ትችላለች፣ እኛ ገና ልጅ ናት ስንል።

ዱላና ውሃ መድፋት ምንም አይፈይድም፤ ፍርሃት ይጨምርባታል እንጂ ድራቱን አያቆመውም። እኔ ያደረግኩት ይኼ ነው፦ በርና መስኮት ዘግቼ ጸጥ ያለ ክፍል ሰጠኋት፣ አሸዋ በሳጥን አስቀመጥኩላት፣ ማታ ማታ በገመድ አጫወትኳት። ጩኸቱ አልጠፋም፣ ግን ቀነሰ። ወንዶቹም በሦስተኛው ቀን ተስፋ ቆርጠው ሄዱ።

አንድ ሰው «የሴቶች የወሊድ መከላከያ ስጣት» ብሎኝ ነበር። እንዳታደርጉት! የማህፀን መመረዝና የጡት ዕጢ ሊያመጣባት ይችላል። ትክክለኛው መፍትሔ በሐኪም የሚደረግ የማምከን ቀዶ ጥገና ነው። የጠየቅኩት የእንስሳት ሐኪም ከብት፣ ፍየልና ግመል ነው የሚያክመው፤ ለድመት የሚሆን ዕቃ የለኝም አለኝ። አዲስ አበባ የሚሠሩ ክሊኒኮች አሉ። ለሌላ ጉዳይ ስሄድ በካርቶን ይዣት እሄዳለሁ፤ እስከዚያ በሩን እዘጋለሁ።

የድመቷ ጩኸት ጥፋት አይደለም። ጥፋቱ፣ ዛሬ በሩን መዝጋት ሰልችቶን ከ2 ወር በኋላ ጆንያ መፈለጋችን ነው።

ትናንት እናቴ ጆንያውን ማሽላ ሞላችበት። ምንም አላለችኝም። እኔም ምንም አላልኳትም።