«አንቱ» ያላልኩበት ቀን

ዛሬ የማወራችሁ ስለ ጃፓንኛ ነው። አትሳቁ!

ነገሩ የጀመረው መድረሳ ውስጥ ነው። ሁለት ልጆች ሲጣሉ አንዱ ሌላውን «ኪሳማ!» ሲለው ሰማሁ። ከጃፓን ካርቱን የለመደው ነው። ምን ማለት እንደሆነ ብጠይቀው «ስድብ ነው ኡስታዝ» ብሎ አንገቱን ደፋ። እኔ ደግሞ ቃል ከያዘኝ አይለቀኝም፤ ነህው ያስቀሩኝ ሸይኽ ያስለመዱኝ አመል ነው። በስልኬ ጃፓንኛ መማር ጀመርኩ።

መጀመሪያ የገረመኝ ጠቋሚ ቃላታቸው ነው። እኛ «ይህ» እና «ያ» ብለን እንጨርሳለን። እነሱ ሦስት አላቸው፦ «ኮሬ» እኔ ዘንድ ያለ፣ «ሶሬ» አንተ ዘንድ ያለ፣ «አሬ» ከሁለታችንም የራቀ። ኪታብ የቀራችሁ «ይህማ ሃዛ፣ ዛከ፣ ዛሊከ ነው» ትሉ ይሆናል። እኔም ብዬ ነበር። ግን ብዙዎቹ የነህው ሊቃውንት ሦስቱን የሚለዩት በርቀት ነው፤ ቅርብ፣ መካከለኛ፣ ሩቅ። የጃፓኑ መካከለኛ ግን የሰሚው ድርሻ ነው። «ዛሊከ» መጨረሻ ላይ ያለችው ካፍም ወደ ሰሚው ትዞራለች፤ ለብዙ ሰው ሲሆን «ዛሊኩም» የምንለው ለዚህ ነው። ዕቃው በማን በኩል እንዳለ ግን አትናገርም።

እዚያ ስለሌለ ሰው ሲያወሩም ይሠራል። ሁለታችንም የምናውቀው ሰው «አኖ ሂቶ» ነው፤ አሁን አንተ የነገርከኝ፣ እኔ የማላውቀው ከሆነ «ሶኖ ሂቶ» ነው።

ተውላጠ ስሞቻቸውም ብዙዎቹ ከመጠቆም የወጡ ናቸው። «ካሬ» (እሱ) ድሮ «ያ» ማለት ነበር። «ካኖጆ» (እሷ) «ያቺ ሴት» ነው፤ በሜጂ ዘመን (1868–1912) የአውሮፓ መጻሕፍት ሲተረጎሙ የተስፋፋ። ዛሬ «ፍቅረኛ» ማለትም ሆኗልና ተጠንቀቁ። «አናታ» መነሻው «ወዲያ ማዶ» ነው። ሰውየውን በቀጥታ ላለመጥራት አቅጣጫውን ጠቆሙ፤ ቃሉም የአክብሮት መጠሪያ ሆነ። «ኦማኤ» ደግሞ «ክቡር ፊት ለፊት» እንደማለት ነበር። ያ ልጅ የተሳደበበት «ኪሳማ»ስ? በኢዶ ዘመን (1603–1868) መጀመሪያ በደብዳቤ ለሚከበር ሰው የሚጻፍ ነበር!

አክብሮቱ ግን አለቀ። «ኦማኤ» ዛሬ ለታላቅ ቢባል ብልግና ነው። በ1952 እ.ኤ.አ. የአገሪቱ የቋንቋ ምክር ቤት «አናታ» መደበኛ መጠሪያ ይሁን ብሎ ነበር፤ ሰዉ ግን ዛሬም ለታላቁ ሊለው አይደፍርም። ታላቅ ወንድምን «ኒሳን»፣ መምህርን «ሴንሴይ» ብሎ ይጠራል፤ ፊት ለፊቱ ቆሞ እንኳ «ሴንሴይ መቼ ይመጣሉ?» ይላል እንጂ ተውላጠ ስም አይጠቀምም።

ይህን ያነበብኩ ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። እኔን ያሳደጉኝ ታላቅ ወንድሜ ናቸው። እኛ ወሎ ታላቅ «አንቱ» ነው የሚባለው። ከሦስት ዓመት በፊት በአባታችን ቤት ውርስ ተካረርንና ሽማግሌዎች ፊት «አንተ ምን አገባህ!» አልኳቸው። ቤቱን ተካፈልን፣ ታረቅን፣ እጃቸውንም ሳምኩ። ከዚያ ወዲህ ግን «አንቱ» ልል ስል አፌ ይተሳሰራል። ሳስተውለው ሦስት ዓመት ሙሉ ያለ ተውላጠ ስም ነው የማናግራቸው፦ «ምሳ ተበላ?» «ገበያ ተወጣ?»። ጃፓኖቹ በአክብሮት የሚሸሹትን እኔ በእፍረት ስሸሸው ኖርኩ።

ትናንት ከዙህር በኋላ ደወልኩ። «ወንድምጋሼ፣ አንቱ እንዴት ሰነበቱ?» አልኩ።

ዝም አሉ። ስልኩ የተቋረጠ መሰለኝ።

«አልሐምዱሊላህ» አሉ ቆይተው። «አንተስ?»