በርዶት ነው

የአሰላን ብርድ ታውቁታላችሁ። ጭላሎ ጉም ሲለብስ የአባቴ ክራር ቅኝቱ ይዛነፍ ነበር፤ እሱም «በርዶት ነው» እያለ መልሶ ይቃኘዋል። ዛሬ እጁ ስለሚንቀጠቀጥ ክራሩ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል።

ለክረምት ዕረፍት ስመጣ ኮምፒዩተሬ ላይ ኮርግ ኤምኤስ 20 ጭኜ መጣሁ። በ1978 እ.ኤ.አ. ኪሱ ለሳሳ ሙዚቀኛ የወጣ የጃፓን ሲንተሳይዘር ነው፤ የኔው ግን ዕቃው ሳይሆን ኮርግ በ2004 እ.ኤ.አ. ያወጣው ፕሮግራም ነው። የያኔዎቹ መሣሪያዎች ሙቀትና ቅዝቃዜ ሲፈራረቅባቸው ድምፃቸው ይዛነፍ ነበር። የዛሬ ፕሮግራም ሠሪዎች ደግሞ ያንኑ ጉድለት ለክተው ይመልሱታል። ይገርማል እኮ!

ትዝታ ተጫወትኩለት። ዝም ብሎ ሰማና፣ «ይሄኛውስ ምን በርዶት ይዛነፋል?» አለኝ።

መልስ አጣሁ። ክራሩን አወረድኩና እሱ እየሰማ እኔ ቃኘሁ። ሦስቴ ተሳሳትኩ።

«በርዶህ ነው» አለኝ።